አባ ሳሙኤል ለአምስት መደለያዎች የሰጡት ምላሽ

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ በሐይቁ ያሉት ካርፕ የተባሉ ዓሦች ለበቆሎ ንፍሮው መልስ ሰጡ። መልሱ የመጣው በደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ ቁጥር፣ ቀንና ክብ ማኅተም አለው።

ረድኤት ወንድማገኝ ደብዳቤውን ከመንጠቆው ስታላቅቅ በመጀመሪያ ያስተዋለችው ወረቀቱ ደረቅ መሆኑን ነው። ከሦስት ሜትር ውኃ ውስጥ የወጣ ወረቀት ጥጉ እንኳ አልራሰም። ንፍሮውም ተመልሷል። ጠዋት አምስቱ መንጠቆዎች ላይ የሰካቻቸው አምስት ፍሬዎች አንድም ሳይጎድል በሐይቁ ዳር በሚበቅለው በፊላ ቅጠል ተጠቅልለው ነበር።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ በቆሎ ንፍሮን ይመለከታል። በዛሬው ዕለት የተላከልን ንፍሮ ደርሶናል። ጨው ያንሰዋል። ጨው ቢኖረውም አንቀበልም። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለቆሮሶና ለአምባዛ ዓሦች።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ታንኳው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ክር ለሚጠቀልለው ለጋሽ ቱፋ አቀበለችው።

«መነጽሬን አልያዝኩም፤ አንብቢልኝ።»

አነበበችለት።

«ጨው ያንሰዋል አሉ?» አለ ጋሽ ቱፋ።

«ያንሰዋል ነው የሚሉት።»

«እውነታቸውን ነው። እኔም ቀምሼዋለሁ።»

በሐይቁ ዳር ካርፕ የሚለውን ስም የሚጠሩት የምርምር ጣቢያው ሰዎች ብቻ ናቸው። ዓሣ አጥማጆቹ አባ ሳሙኤል ይሉታል፤ ዓሣው ወደዚህ የመጣው ይህ ስም ካለው ግድብ ነው ይባላል። ስሙ ላይ አባ ስላለበት ጋሽ ቱፋ ዓሣውን አንቱ ይለዋል። ሰው ሲስቅበት አይመልስም። አርባ ዓመት ሐይቁ ላይ ሲቀዝፍ የጣቢያውን ዳይሬክተሮች ሁሉ አንተ ብሎ ነው የሸኛቸው።

«አንድ ናቸው ወይስ ብዙ?» ስትል ረድኤት ጠየቀችው።

«እነማን?»

«አባ ሳሙኤል። ደብዳቤው አንቀበልም ነው የሚለው።»

«ምን ልበልሽ የኔ ልጅ፤ አባን ስንት ናችሁ ብዬ ልጠይቃቸው?» አለና መቅዘፊያውን አነሳ።

ረድኤት ጉልበቷ ላይ የዘረጋችው ቅጽ «ካርፕ ለልዩ ልዩ መደለያዎች የሚሰጠው ምላሽ» የሚል ርእስ አለው። በጣቢያው ወረቀት መንጠቆ ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ መደለያ ነው የሚባለው። ቅጹ አምስት ረድፍ ነበረው። የመጀመሪያው ንፍሮ፣ ሁለተኛው ሊጥ፣ ሦስተኛው የመሬት ትል፣ አራተኛው ከውጭ የመጣ ቀይ የዓሣ መኖ እንክብል ነው። አምስተኛው ምን እንደሚሆን ገና ስላልተወሰነ ባዶ ተትቷል። በንፍሮው ትይዩ «አልተቀበሉም» ብላ ጻፈች። የናሙና ብዛት የሚለውን ለጊዜው ዘለለችው።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች አንድ ዓመት ሆኗታል። ጣቢያው በስድስት ወር ኮንትራት የቀጠራት ለዚህ ጥናት ነው፤ ኮንትራቱ የሚያበቃው ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የምትኖረው ከወፍጮ ቤት ጀርባ በተከራየቻት መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ነው። የዱቄቱ ብናኝ በጣሪያው ክፍተት እየገባ መጻሕፍቷ ላይ ስለሚያርፍ ከማንበቧ በፊት እያንዳንዱን ገጽ እፍ ትላለች። ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም። በስድስት ወር ውስጥ በጣቢያው ስብሰባዎች ላይ ከአፏ የወጣው አንድ ቃል «እሺ» ነው። እሱን ግን ብዙ ጊዜ ብላዋለች።

ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ወሰደችው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ደብሪቱ ሻይዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ወረቀቱን በብርሃን አየችው። የማኅተሙ መካከል ቅርፊት ነበር፤ ዙሪያው ቀለበት በቀለበት ላይ የተደራረበበት እውነተኛ የዓሣ ቅርፊት።

«ቁጥር አለው?»

«አለው።»

«ማኅተምም አለው። እንግዲያው ገቢ ነው፤ ምን ያቆምሻል?» መዝገቡን ገልጣ «ላኪ» በሚለው ሥር «ካርፕ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን አነሳች። «ስንት ናቸው ታዲያ? አንድ ነው፣ ማኅበር ናቸው?»

«አላወቅሁም እትዬ። ደብዳቤው አንቀበልም ነው የሚለው።»

«እሱማ ምን ይለያል? ዳይሬክተራችንስ ብቻውን ተቀምጦ አሳውቀናል፣ አዘናል ሲል አይደል የሚውለው። ይለፍ።» ቁጥር ሰጠችው።

ማክሰኞ በማር የተለወሰ ሊጥ አወረዱ። መልሱ ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣ። «ሊጡ በማር መለወሱን ተገንዝበናል። ማሩ የተጨመረበት ምክንያት አልተገለጸልንም። አንቀበልም።» ሊጡ ሳይሟሟ ተመልሷል።

ረቡዕ ትሎቹ ሄዱ። የዚያን ቀን መልሱ ዘገየ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሽ ቱፋ ክሩን ሲስበው አምስቱ ትሎች ከእነሕይወታቸው እርጥብ ቅጠል ውስጥ ተኝተው ወጡ፤ መንጠቆው የወጋቸው ቦታ በጭቃ ተለስኗል።

«ትሎቹን ለየብቻ አነጋግረናቸዋል» ይላል ደብዳቤው። «በፈቃዳቸው እንዳልመጡ ነግረውናል። ወደ ቤታቸው መድረሳቸውን እንድታረጋግጡልን እንጠይቃለን።»

ረድኤት ጋሽ ቱፋን ቀና ብላ አየችው።

«ከየት ነበር ያወጣሃቸው?»

«ከጓሮዬ፣ ከጎመኑ ሥር።»

«የትኛው ጎመን?»

«ሦስተኛው መሰለኝ» አለ። ትንሽ አሰበ። «ሦስተኛው ነው።»

ሄደው ሦስተኛው ጎመን ሥር መለሷቸው። ረድኤት ቅጹ ላይ «ደርሰዋል» ብላ ጨመረች።

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ዳይሬክተር ዶክተር ሽመክት አስጠራት። ዶክተር ሽመክት ሲናገር ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር ሁሉ የሚያስተካክል ሰው ነው። ብዕሩን ከማስመሪያው ጋር ትይዩ አደረገ።

«ምላሽ ምን ማለት ነው?» አላት።

መልሱንም ራሱ ሰጠ።

«በላ፤ አልበላ። አለቀ። ዓሣ ሐሳብ የለውም። እኔ ምላሽ መዝግቢ አልኩሽ እንጂ ደብዳቤ ተጻጻፊ አልኩሽ? ደግሞ አልተቀበሉም ብለሽ ነው የጻፍሽው። አንቱ እያልሻቸው ነው ወይስ ብዙ ናቸው? ብዙ ከሆኑ ቁጥሩ የታለ? አንድ ከሆነ አልተቀበለም ይባላል። አማርኛ እንኳ ተምረሻል አይደል?»

«እሺ» አለች ረድኤት።

ከመሳቢያው ሁለት ወረቀቶች አውጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንደኛው የእሷው ቅጽ ነው፤ ነገር ግን አራተኛው ረድፍ በታይፕ ተሞልቷል። «ቀይ እንክብል፦ ተቀበሉ፣ አምስት ከአምስት።» ሁለተኛው የቅጥር ደብዳቤ ነው። ቋሚ ሠራተኛ ይላል፤ ስሟ አለበት፤ ቀኑ የዓርብ ነው። ከላዩ ላይ ቁልፍ አኖረበት።

«የሠራተኛ መኖሪያው ሦስተኛ ክፍል» አለ። «መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው። የመጽሐፍ መደርደሪያም አለው፤ እንደምታነቢ ሰምቻለሁ። ነገ እንክብሉን ታወርዳላችሁ፤ ዓርብ ትፈርሚያለሽ። ሰኞ ፊላው ገብ በመረብ ይታጠራል።»

ፊላው ገብ ሐይቁ ወደ የብስ ገባ ያለበት ቦታ ነው። ካርፖቹ እንቁላል የሚጥሉት እዚያ ነው። የጋሽ ቱፋ ታንኳና ሌሎች አሥራ ሰባት የፊላ ታንኳዎች የሚያድሩትም፣ የሚሠሩትም እዚያ ነው። ቀዩን እንክብል ያስመጣው ድርጅት አጥሩን አጥሮ፣ እንክብሉን አፍስሶ፣ ካርፖቹ ሲሰበሰቡ በመረብ ጠርጎ ሊያወጣቸው ፈቃድ የሚጠብቀው ከዚህ ቅጽ ነበር።

«ታንኳዎቹስ?» አለች ረድኤት። ድምፅዋ ለራሷም በደንብ አልተሰማትም።

«ሐይቁ ሰፊ ነው።»

«እሺ» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ለጋሽ ቱፋ ሁሉንም ነገረችው። እያዳመጠ ቀዘፈ። የቀዩ እንክብል ከረጢት እግራቸው ሥር ነበር፤ ሽታው አዲስ የላስቲክ ጫማ ይመስላል።

«ሐይቁ ሰፊ ነው አለ?»

«አዎ።»

«ሰፊማ ነው። ከፊላው ገብ ውጭ ያለው ግን ነፋስ ነው። የፊላ ታንኳ እዚያ አንድ ቀን አይቆምም።» ዞር ብሎ አያት። «አንቺስ ምን አልሽ?»

«እሺ አልኩ።»

ጋሽ ቱፋ መቅዘፉን አላቆመም። ውኃው ጎመን የሚመስለውን አረንጓዴ አረም እያገላበጠ ያልፋል።

«መስኮት አለው አልሽኝ?»

«አለው።»

«መስኮት ጥሩ ነው» አለ።

አምስቱን እንክብሎች አወረዱ። ሩብ ሰዓት ጠበቁ፤ አንድ ሰዓት ጠበቁ። ደብዳቤ አልመጣም። አራት ሰዓት ላይ ክሩን ሲስቡት አምስቱም መንጠቆዎች ባዷቸውን ወጡ። ቅጠል የለም፤ ወረቀት የለም። መንጠቆዎቹ የታጠቡ ይመስል ያበራሉ።

ጋሽ ቱፋ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«በላ» አለ።

ረድኤት ቀና አለች። በሉ አላለም። አርባ ዓመት አንቱ ያለውን ዓሣ አንተ ሲል ሰምታው አታውቅም። ታንኳውን ወደ ወደቡ መለሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍሏ ገብታ የምታነበውን መጽሐፍ ከፈተች። ከግድግዳው ማዶ ወፍጮው ይፈጫል። ገጹን እፍ ልትል አፏን አሞጠሞጠች፤ ነገር ግን ገጹ ላይ ብናኝ አልነበረም። ትናንት ምልክት ባደረገችበት ቦታ ደብዳቤ ተቀምጧል። በደብዳቤው ላይ አምስቱ ቀይ እንክብሎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል።

ይህኛው በስሟ የተጻፈ ነበር።

«ለወይዘሪት ረድኤት ወንድማገኝ። ጉዳዩ፦ አራተኛውንና አምስተኛውን መደለያ ይመለከታል። እንክብሎቹን ቆጥረን መልሰናል። አላኘክናቸውም። አምስተኛውን መደለያ ስንመረምረው ግን ለእኛ የቀረበ ሆኖ አላገኘነውም፤ የቀረበው ለእርስዎ ነው። ስለዚህ እርስዎ የሚሰጡትን ምላሽ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት እንጠብቃለን። ናሙናው አንድ ነው። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለቆሮሶ፣ ለአምባዛ፣ ለጋሽ ቱፋ።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደብዳቤውን እስኪመሽ ድረስ ያዘችው። ብናኙ እጇ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ፣ ፀጉሯ ላይ አረፈ። ደብዳቤው ላይ አላረፈም።

ዓርብ ጠዋት ወደ ጣቢያው ስትሄድ በወደቡ በኩል አለፈች። ጋሽ ቱፋ ታንኳውን ገልብጦ ፊላውን እያጠበቀ ነበር። መዳፏን ከፍታ እንክብሎቹን አሳየችው።

«አልበሉም» አለችው።

እንክብሎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካቸው። ከዚያ ባርኔጣውን አነሳና አደረገ።

«አልበሉም?»

«አላኘክናቸውም ነው የሚሉት።»

«ትናንት አንተ ማለቴን፣ ያፌን ስሕተት ይቅር በሉት በይልኝ» አለ። «የሚመጣ ደብዳቤ ካለ መልሰሽ ስትጽፊ።»

ዶክተር ሽመክት ጠረጴዛው ላይ ሁሉንም አዘጋጅቶ ይጠብቃታል፤ ቅጹ፣ ብዕሩ፣ የቅጥር ደብዳቤው፣ ቁልፉ። ሁሉም ትይዩ ናቸው። ረድኤት ስትቀመጥ የቅጥር ደብዳቤው ጥግ ላይ ያለው ነገር ስፒል አለመሆኑን አየች። ትንሽ መንጠቆ ነው፤ ሰባት ቁጥር፣ ለካርፕ የሚሆነው ዓይነት። ከመንጠቆው ላይ ቀጭን የናይለን ክር ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኮርኒሱ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤ ክሩ በዚያች ገብቷል።

ስለ ክሩ አልጠየቀችም። ዶክተር ሽመክትም አላነሳውም።

«እንግዲህ እዚህ ጋ» አለና የፊርማውን ቦታ በጣቱ አሳያት።

ረድኤት ቁልፉን አየችው። መስኮቱን አሰበች፤ ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ፣ መደርደሪያው ላይ የትኛውን መጽሐፍ ከየትኛው አጠገብ እንደምታደርግ። ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው አሰበችው፤ አልቸኮለችም።

«አንቀበልም» አለች።

ቃሉ ከእሷ አፍ የወጣ መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለቱም ትንሽ ጠበቁ።

«እነማን ናችሁ?» አለ ዶክተር ሽመክት።

ብዕሩን አነሳች፤ ትይዩነቱ ፈረሰ። በአራተኛው ረድፍ በታይፕ የተጻፈውን «ተቀበሉ» ሰርዛ «አልተቀበሉም፤ አምስት ከአምስት» ብላ ጻፈች፤ አምስቱን እንክብሎችም ከጎኑ አስቀመጠች። ባዶ በነበረው አምስተኛ ረድፍ ላይ «ቋሚ ቅጥር፣ መስኮት ካለው ክፍል ጋር» ስትል ጻፈች። በምላሽ ሥር «አልተቀበሉም» ብላ ሞላች።

ዶክተር ሽመክት ወረቀቱን አዙሮ አነበበ።

«ማን ነው ያልተቀበለው? ዓሣዎቹ ናቸው ወይስ አንቺ ነሽ?»

«ቅጹ አይለይም።»

«ራስሽን አንቱ አልሽ?»

«ለዛሬ ብቻ» አለች።

«ኮንትራትሽ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ታውቂያለሽ?»

«አሁን አምስት ሰዓት ነው። እስከ ስድስት ሰዓት የጥናቱ ባለቤት ነኝ።» ፈረመች። በሕይወቷ በአንድ ቀን ሰው ፊት ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም።

«የሞኝ ነገር!» አለ ዶክተር ሽመክት። «ይህን የሚፈልግ መቶ ሰው አለ። ካስፈለገ ክፍሉን ራሴ እወስደዋለሁ፤ ቅጹንም እንደገና እሞላዋለሁ።» የቅጥር ደብዳቤውን ላፍ አድርጎ ያዘው።

ክሩ ተወጠረ።

መጀመሪያ ክንዱ ተነሳ። ቀጥሎ ትከሻው፤ ከዚያ ወንበሩ ባዶ ሲሆን እግሮቹ ሲጥ አሉ። ዶክተር ሽመክት ቀስ ብሎ፣ ሳይወዛወዝ ወደ ላይ ሄደ። ደብዳቤውን አልለቀቀውም። ስለ ቅጹ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር ቀጥሎ ነበር፤ ነገር ግን ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል እንጂ ድምፅ አይወጣውም። ኮርኒሱ ያን ያህል ጠንካራ አልነበረም። ጫማዎቹ መጨረሻ ላይ አለፉ።

ረድኤት የወደቀውን አቧራ ከቅጹ ላይ እፍ አለችና መዝገብ ቤት ሄደች።

«ይህ ወጪ ነው» አለች።

እትዬ ደብሪቱ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየችው። እንክብሎቹን በትንሽ ፖስታ አድርጋ አያያዘቻቸው። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ ብላ መታችው።

«ዶክተሩ አይቶታል?»

«አይቶታል።»

«የት ነው ያለው?»

«ወጥቷል።»

«ወደ ውጭ ነው ወደ ላይ?»

«ወደ ላይ።»

«ይመለሳል?»

«አላለም።»

እትዬ ደብሪቱ ቁጥር ሰጠችው። ፖስታው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ዋናው ከተማ ከሚሄደው መኪና ጋር ወጣ። አንድ ግልባጭ ለረድኤት ሰጠቻት። ረድኤት ግልባጩን በፊላ ቅጠል ጠቅልላ ወደ ወደቡ ወረደች።

ጋሽ ቱፋ ከታንኳው አጠገብ ቆሟል። ሌሎቹ አሥራ ሰባት ታንኳዎችም ቆመዋል፤ የሚቀዝፍ የለም። ፊላው ገብ ከዳር እስከ ዳር በዓሣ ራስ ተሞልቶ ነበር። ካርፖቹ ከውኃው ብቅ ብለው፣ ተደርድረው፣ ፊታቸውን ወደ አንድ በኩል አዙረዋል። ቁጥራቸው የሚቆጠር አልነበረም። ሆኖም አንድ ይመስላሉ፤ ሁሉም የሚያዩት አንድ ነገር ነው።

«ምን እያዩ ነው?» ስትል በሹክሹክታ ጠየቀች።

ጋሽ ቱፋ በአገጩ ወደ ላይ አሳያት።

ደመና አልነበረም። ከሰማዩ መካከል አንድ ቀጭን ክር ቀስ እያለ ወደ ሐይቁ ይወርድ ነበር። ጫፉ ላይ ዶክተር ሽመክት ሊሰጣት የነበረው ክፍል በመንጠቆ ተንጠልጥሏል። መብራቱ በርቷል፤ መስኮቱ ተከፍቷል፤ መደርደሪያው ላይ መጻሕፍት አሉ፤ አንዱ ወንበር ለሚቀመጥ ሰው የተሳበ ይመስል ከጠረጴዛው ትንሽ ፈቀቅ ብሏል። ክፍሉ ከረድኤት ፊት ለፊት፣ ከውኃው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። መጋረጃው በነፋስ ይነሳል፣ ይወርዳል።

ሰዓቱ ስድስት ሆነ። ሐይቁ ላይ ሊጎርሰው አፉን የከፈተ ማንም አልነበረም።